አንድ ቃል በኒውሊን

ከረንዛ ትባላለች፣ የሌሊት ተረኛ፣
የመኪና ጎታች ድርጅት ስልከኛ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያች ወንበር ላይ
የሰው ክፉ ቀኑን በጆሮዋ ስታይ።

መዝገቧ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተላላጠ፣
ቃሉ አንድ ነው ሁሌ፣ ቦታው እየተለወጠ፦
«ክራሽ፣ ከፔንዛንስ መውጫ፣ ካደባባዩ ዘንድ፤
ክራሽ፣ ሄልስተን መንገድ፤ ሰው የለም፣ ላም አንድ።»
ቃሉ ሲደጋገም ዶለዶመ ስለቱ፣
ጣት አይቆርጥም ዛሬ፣ አልቋል ጉልበቱ።

በኔ ቋንቋ ቢሆን ሥራው ይከፋፈላል፦
መኪና ይጋጫል፣ አውሮፕላን ይከሰከሳል፣
ማዕበል ይላተማል፣ ገበያ ይንኮታኮታል፣
ደክሞት የመጣ እንግዳ
ጋደም ይላል።
እነሱ ግን ሁሉን ባንድ ጆንያ ከተው
ሄዱ፣ መለየቱን ለሰሚው ትተው።
(አልኩራራም እኔ፤ የኛም ቃል «ወደቀ»
ተማሪና ዙፋን ባንድ አፍ አደቀቀ።)

አባቷ ፓስኮ፣ በወደቡ ባንድ፣
ስልሳ ምት ቆጥሮ ነው የሚያጋጨው አንድ፤
ሁለት የናስ ሳህን፣ ክራሽ ይሉታል፤
ፊቱ ያኔ ብቻ እንደ ልጅ ይበራል።

ባሏ ዴንዚል ግን ቃሉን ሲያነሡበት
የባንክ በር ነው የሚታየው፣ ወረቀት የተለጠፈበት፤
የጀልባዋ ገንዘብ፣ ያሥራ አራት ዓመት፣
ባንድ ማክሰኞ ጧት ሆነ የጤዛ ሀብት።
ዛሬም ዜና ሲጀምር ሬዲዮኑን ይዘጋል፣
ወደ ጓሮ ወጥቶ
ያልተሰበረ ሳጥን ይጠግናል።

ያን ሌሊት ነፋሱ ከምዕራብ ተነሣ፣
ባሕሩ ግንቡን ገፍቶ እንደ ሰካራም አገሣ፤
ኮምፒውተሯም ደረቀ፣ ሰማያዊ ሆነ፣
«ክራሽ አደረገ» አለች፣ ሻይዋ እየተነነ።

ስልኳ ብልጭ አለ። የልጇ የጆሪ መልእክት፣
ቃሉ ተበጣጥሶ በነፋሱ ጩኸት፦
«እማ... ዛሬ ማታ... መንገዱ... ከታምሲን...
ክራሽ...»
ከዚያ ዝም።

ደወለች። ይጠራል።
ደወለች። ይጠራል።

መዝገቡን አልነካች፣ ብዕር አላነሣች፤
ሃያ ሁለት ዓመት በደነዘው ቃሏ ያኔ ተቆረጠች።

የጎታቹን ቁልፍ ከምስማሩ ነጥላ
በካልሲዋ ወጣች፣ ጫማዋን ጥላ።
በየመታጠፊያው ፍጥነት እየቀነሰች፣
ከቦዩ ውስጥ ቀይ መብራት እየፈለገች፣
እንዳታገኘው ደግሞ እየጸለየች።
የድንጋይ አጥሩ ደህና። ድልድዩ ደህና።
በጎች ዝናብ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እነሱም ደህና።
ደህና ነገር ብቻ ሲያይ በመንገድ ሙሉ
ሰው እንዴት ይፈራል! አሁን ነው ይላል፣ ከዚህ ቀጥሎ ነው ጉዱ ሁሉ።

የታምሲንን ደወል ጣቷ ሳይነካ
በሩን በጡጫዋ ደበደበች። ለካ
ልጁ ሶፋው ላይ ነው፣ አንድ እግሩ ተንጠልጥሎ፣
አፉን ከፍቶ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ካፖርቱን ትራስ አድርጎ ጠቅልሎ።
«መንገዱ ጨልሟል፣ ከታምሲን ቤት ክራሽ ላድርግ» ነበር ያለው፤
ጋደም ልበል ማለት ነው።
ይኸው ነው።

ታምሲን በሌሊት ልብሷ ሻይ ጣደች፣
የካልሲውን ውሃ አየች፣ ምንም አልጠየቀች።
ከረንዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤
አልቀሰቀሰችውም። ብቻ የጫማውን ክር ፈታች፣
ድርብ ቋጠሮ ነው፣ የፓስኮ አስተሳሰር፤
እጇ እየተንቀጠቀጠ
አንዱን ለመፍታት ስልሳ ምት ቆጠረች፣ ምናልባትም ከስልሳ በላይ ነበር።

ሲነጋ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ነቅቷል።
ነፋሱ በርዷል፣ ባሕሩ ግን አሁንም ግንቡን ይመታል።
መዝገቧን ገለጠች፣ ባንድ መስመር ጻፈች ከሌላው ጽሑፍ ጎን፣
ለማንም ሳትነግር የሌሊቱን፦

«ክራሽ። ሴንት ጀስት መንገድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ጎታች አላስፈለገም። ልጁ ተኝቷል።
ተጎጂ አንድ፣ ጫማ ያልነበራት።»